ዘር ቆጠራና ፊደል ቆጠራ

ከግድግዳ ማዶ ያሉት ጎረቤቴ ሰማንያ ያለፋቸው ባልቴት ናቸው። በተዋወቅን በመጀመሪያው ሳምንት «በስሜ ጥራኝ» ብለው አዘዙኝ፤ የእንግሊዝ ወግ ነው። የእኔ አፍ ግን እናቴን በሚያህሉ ሴት ላይ በባዶ ስም አልፈታ አለኝ። ቋንቋቸው ደግሞ «እርስዎ» አያውቅም፤ ለንጉሡም ለድመቷም ያው አንዲት «ዩ» ናት። ስለዚህ በአፌ ስማቸውን እያልጎመጎምኩ በልቤ «እትዬ» እላቸዋለሁ። እዚህም ላይ እትዬ ይባሉ።

እትዬ ሱሳቸው ዘር መቁጠር ነው። ሌላው የሰፈር ባልቴት ጽጌረዳ ሲኮተኩት እሳቸው የሞተ ሰው ይኮተኩታሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ሻይ ያፈሉና ይጠሩኛል፤ ከብስኩቱ ጎን አንድ የሙዝ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ይቀርባል። የደብር መዝገብ ቅጂ፣ ኑዛዜ፣ የመሬት ውል፣ የመቃብር ድንጋይ ፎቶግራፍ። ከእኔ የሚፈልጉት ዓይኔን ነው። የአራት መቶ ዓመት የእንግሊዝ እጅ ጽሑፍ ዶሮ በጭቃ እግሯ የተመላለሰችበት ይመስላል፤ እሳቸው ግን «አንተ እንደዚያ ያለ ፊደል እያነበብክ ያደግህ ሰው ይህ አያቅትህም» ይሉኛል። ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየሁትም።

የቤተሰባቸውን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁም አይረባችሁም፤ የሚጻፈው ሌላ፣ የሚጠራው ሌላ ነው። የዚህን አገር ጠባይ የተማርኩት በመኪና ስንሄድ ነው። የምንኖረው ከቼሸር ብዙ ሳንርቅ ነው፤ አንድ ቀን የመንገድ ምልክት ላይ ያየሁትን ስም፣ የኔታ እንዳስተማሩኝ አንድም ፊደል ሳልዘል፣ «ቾልሞንደሌይ» ብዬ አነበብኩት። እትዬ የመኪናውን በር ይዘው ሳቁ። «ቸምሊ ነው» አሉ። በእንግሊዝኛ አሥራ ሁለት ፊደል የፈጀ ስም ሲጠሩት አንድ ጉርሻ አይሞላም። የቀረውን ማን በላው? ወዲያው ሌላም ጨመሩልኝ፤ «ፌዘርስቶንሃው» ብለው በአሥራ ሰባት ፊደል የሚጽፉትን «ፋንሾ» ይሉታል። የዋሪክ ጌቶች የነበሩት «ቢቸም»ዎች ደግሞ ስማቸው ፈረንሳይኛ ነው፤ «ያማረ መስክ» ማለት ነው። የጥንቱ ጸሐፊ በላቲን ሲመዘግባቸው «ዴ ቤሎ ካምፖ» ያደርጋቸዋል። በላቲን ተመዝግቦ፣ በፈረንሳይኛ ተጽፎ፣ በእንግሊዝኛ የሚጠራ ሰው ከመቃብር ቢነሣ መዝገቡ ውስጥ ራሱን የሚያገኝ አይመስለኝም።

እትዬ የሚቆጥሩት የንጉሥ ዘር አይደለም፤ ልካቸውን ያውቃሉ። የሚፈልጉት «ጄንትሪ» የሚባለውን ነው፤ ከመሳፍንቱ በታች ከአራሹ በላይ ያለውን፣ እኛ ባላባት የምንለውን ዓይነት ባለርስት። እንዲህ ያለው ሰው ሎርድ አይባልም። ግን መሬት አለው፣ ጭሰኛ አለው፣ ጋሻ ላይ የተሳለ አርማ አለው። እትዬም ሳሎን ግድግዳው ላይ በወርቅማ ክፈፍ የተሰቀለ ጋሻ አለ። በሰማያዊ መደብ ላይ ሦስት የእንስሳ ራስ ተስሎበታል፤ እኔ ውሻ ይመስለኛል፣ እሳቸው ነብር ነው ይላሉ። ከአንድ የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ከተማ ሱቅ የገዙት ነው። ስምህን ትነግራቸዋለህ፣ ጋሻህን ጠቅልለው ይሰጡሃል። በእንግሊዝ ሥርዓት ግን አርማ የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለስም አይደለም። ከዚያ ሰው በሕግ ካልወረድክ፣ ስም ገጠመ ብለህ ጋሻውን መስቀል የጎረቤትህን ካፖርት ለብሶ እንደመውጣት ነው። ይህን እትዬ ከማንም በላይ ያውቃሉ። የካርቶኑም ሥራ ካፖርቱን የራሳቸው ማድረግ ነው።

ችግሩ ሁለት ጆን መኖሩ ነው። በ1600ዎቹ አጋማሽ (ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ) በአንድ ደብር ውስጥ ያንኑ የቤተሰብ ስም የያዙ ሁለት ጆኖች ነበሩ። አንዱ አርማ ያለው ባለርስት። ሌላው ዓመት ሳይሞላው ዳኛ ፊት የሚቆም፤ ዛሬ የሰው አጥር ሰብሮ፣ ነገ የሰው በግ ከበጎቹ ጋር ቀላቅሎ። ከሁለቱ ያንዱ ልጅ የእትዬ ዘር ማንዘር ነው። የትኛው? አሥራ አንድ ዓመት ፈልገዋል። እውነቱን ለመናገር የፈለጉት አንደኛውን ጆን ነው፤ ሁለተኛው ሳይፈለግ የተገኘ ነው።

«ምነው ሁሉም ጆን ሆነ?» ብዬ ብጠይቃቸው ፓስተኖችን አመጡልኝ።

ፓስተኖች የኖርፎክ ሰዎች ናቸው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ ተርፈዋል። አባትየው ጆን ይባላል፣ በ1421 የተወለደ። በ1442 የመጀመሪያ ልጁ ሲወለድ ጆን ተባለ። በ1444 ሁለተኛ ወንድ ልጅ መጣ፤ እሱም ጆን ተባለ። የመጀመሪያው ሞቶ እንዳይመስላችሁ! ሁለቱም አደጉ፣ ሁለቱም «ሰር» ተባሉ፣ ሁለቱም ለእናታቸው ለማርጋሬት ደብዳቤ ጻፉ። በዚያ ዘመን የልጅን ስም ብዙውን ጊዜ የሚያወጣው የክርስትና አባት ነበር፤ የክርስትና አባቱ ጆን ከሆነ ልጁም ጆን ነው፣ ቤት ውስጥ ስንት ጆን አለ ብሎ የሚቆጥር የለም። የታሪክ ጸሐፊዎች ቢቸግራቸው እንደ ነገሥታት ቀዳማዊ፣ ዳግማዊ፣ ሣልሳዊ ብለዋቸዋል። ማርጋሬት ግን ደጃፍ ቆማ «ሣልሳዊ ጆን፣ እራት ቀርቧል» ያለች አይመስለኝም። እኛ ቤት ቢሆን ታናሽየው «ማሙሽ» ይባል ነበር፤ ጢም አውጥቶ፣ ከጦርነት ሜዳ «ሰር» ተብሎ ሲመለስም ማሙሽ።

እኔ ከፓስተኖች የምወደው ቅድመ አያትየውን ክሌመንትን ነው። የቤተሰቡ ጠላት የጻፈው አንድ ወረቀት ክሌመንትን በገዛ እጁ የሚያርስ፣ እህሉን ኮርቻ በሌለው ፈረስ ላይ ጭኖ ከላዩ ተቀምጦ ወፍጮ ቤት የሚሄድ ተራ ገበሬ ያደርገዋል። ይህ ገበሬ ገንዘብ ተበድሮ ልጁን ዊልያምን አስተማረ። ዊልያም ዳኛ ሆነ፣ መሬት ገዛ፣ መሬት ያላት ሴት አገባ። ከዚያ በ1466 ንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛ፣ ፓስተኖች ኖርማኖች አገሩን ከያዙበት ጊዜ ጀምሮ ከጨዋ ደም ሲወርዱ ሲዋረዱ የመጡ ናቸው ብሎ መሰከረላቸው። ኮርቻ አልባው ፈረስ ከታሪክ ወጣ። ጋሻ ከሱቅ መግዛት በእትዬ አልተጀመረም።

እኔ መጀመሪያ ላይ ስሙ ካልለያቸው ፊደሉ ይለያቸዋል ብዬ ነበር። ባለርስቱ ጆን በ«ዋይ»፣ በግ ቀላቃዩ ጆን በ«አይ» ይጻፋል የሚል ግኝት ይዤ ብሄድ፣ እትዬ ሀሁ ያልቆጠረ ልጅ እንደሚታይ አዩኝ። ከዚያ የሼክስፒርን ፊርማዎች ዘረጉልኝ። በእጁ እንደፈረማቸው የሚታመኑ ስድስት ፊርማዎች አሉ፤ አንዱም ዛሬ ዓለም በሚጽፈው አጻጻፍ አልተጻፈም፤ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። ቋንቋው በእሱ የሚምልለት ሰው በገዛ ስሙ ፊደል ላይ አቋም አልነበረውም።

የቢሮ ጸሐፊዎች ደግሞ የባሱ ነበሩ። በኖቬምበር 27 ቀን 1582 የዉስተር ጳጳስ ጽሕፈት ቤት፣ ዊልያም «ሻክስፔር» የቴምፕል ግራፍተኗን አን ዌትሊን እንዲያገባ ፈቃድ መሰጠቱን መዘገበ። በማግስቱ ለዚያው ጋብቻ ዋሶች ሲፈርሙ ሙሽራው «ሻግስፔር»፣ ሙሽራይቱ የስትራትፎርዷ አን ሃታዌይ ሆነው አደሩ። ከዚህች የአንድ ሌሊት ልዩነት ተነሥተው፣ ልጁ የሚወዳት ሌላ ነበረች፣ ሃታዌይን በግድ ነው ያገባው እያሉ ልብ ወለድ የሚያህል የሕይወት ታሪክ የጻፉ ሰዎች አሉ። ብዙ ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ግን የቢሮ ሠራተኛ ለሆነ ሁሉ የሚገባ ነው። ጸሐፊው በዚያው ቀን ዌትሊ የሚባል ቄስ ያለበት ሙግት ይዞ ነበር፤ ብዕሩ ጫፍ ላይ የቀረው ዌትሊ ሙሽራይቱ ላይ ተንጠባጠበ። አንድ የደከመው ሰው ለሼክስፒር ሁለተኛ ፍቅረኛ ወለደለት።

የቼሸሮቹ ማነሪንጎች ዘንድ ስንደርስ ነገሩ ከልክ ያልፋል። ሲጻፍ «ሜይንዌሪንግ»፣ ሲጠራ «ማነሪንግ» ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የትውልድ ሐረግ ሊቅ ሰር ዊልያም ደግዴል ይህንኑ ስም በቤተሰቡ ሰነዶች ውስጥ በ131 ዓይነት አጻጻፍ እንዳገኘው ይነገራል። መቶ ሠላሳ አንድ! እትዬ ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ የኀዘን ምልክት የለም። ትክክለኛ የሚባል ስላልነበረ ስሕተትም አልነበረም ይላሉ። ስም የሚኖረው ጆሮ ውስጥ ነው፤ ቄሱ የሰማውን ይጽፋል፤ ባላባቱን ጉንፋን በያዘው ቀን ሌላ ስም ይመዘገባል።

ይህን ስሰማ መሳቅ አልቻልኩም። የአባቴ ስም በፀሐዩ «ፀ» ይጀምራል። ራሳቸው አባቴ አንዳንዴ በጸሎቱ «ጸ» ይጽፉት ነበር፤ ማን ከልካይ አላቸው? እንግሊዝ ስገባ ግን ፊደሏ ድንበር ላይ ተያዘች። ፓስፖርቴ ላይ በአንድ መልክ፣ መንጃ ፈቃዴ ላይ በሌላ፣ የመብራቱ ሒሳብ ላይ ከየት እንደመጣች ያልታወቀች «ዜድ» ታክላበት። ደብዳቤው ሁሉ የሚመጣው ደግሞ በአባቴ ስም ነው፤ እዚህ ሁለተኛው ስም የቤተሰብ ስም ነዋ። እኔ በአባቴ፣ ባለቤቴ በአባቷ፣ ልጃችን በእኔ እንጠራለን። አንድ ቤት፣ ሦስት «ቤተሰብ»። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ባሕር ተሻግረው አያውቁም፤ በዚህ አገር ግን የውሃና የመብራት ዕዳ አለባቸው። እትዬ ይህን ስነግራቸው ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ አንተን የሚፈልገው ሰው አሳዘነኝ» አሉ፤ ከልባቸው ነው።

ፊደሉን ስንተወው ቀኑ ያዘን። አንድ ቅዳሜ ቅሌት አገኘሁ። ከእትዬ ሴት አያቶች አንዷ በኤፕሪል 1650 ተጋብታለች፤ የመጀመሪያ ልጇ ክርስትና የተነሣው በፌብሩዋሪ 1650 ነው። ከሠርጉ ሁለት ወር በፊት! እንዴት እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ብስኩት ሳላነሳ ቆየሁ። በመጨረሻ ወረቀቱን በጣቴ ገፋ አደረግኩላቸው። እትዬ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ቀጥሎ የሚመጣው እንባ ነው ስል ሳቅ ሆነ። በእንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ በሕግ የዓመቱ ቁጥር የሚለወጠው በማርች 25 ነበር። ከኤፕሪል 1650 ተነሥተን ስንቆጥር ፌብሩዋሪ 1650 ከአሥር ወር በኋላ ይመጣል እንጂ ከኋላችን የለም። ሴትዮዋ እንከን የለባትም። አፈርኩ። ዓመት በመስከረም በሚለወጥበት አገር ተወልጄ፣ ሁለት የልደት ቀን ይዤ እየኖርኩ፣ የሰው አያት በቀን አቆጣጠር አማሁ።

«ጠንቀቅ በል» አሉኝ፣ «በዚህ አውራጃ የሞተች ሴት ስም ያነሣ ሰው በሰላም አይሞትም።» ከዚያ የአሚሺያን ነገር አወጉኝ፤ እኔ ከካርቶኑ ሁሉ ይህችን ነው የምወዳት። በ1673 ሰር ፒተር ሌስተር የሚባል የቼሸር ባላባት የታሪክ መጽሐፍ አሳተመ። በውስጡም፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረችው የቼስተሩ ኧርል የሂዩ ልጅ አሚሺያ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደች ናት ብሎ ጻፈ። አሚሺያ ለማነሪንጎች የዘር አያታቸው ናት። ሰር ቶማስ ማነሪንግ በዚያው ዓመት ለአሚሺያ ጠበቃ ሆኖ መጽሐፍ አወጣ። ሌስተር መለሰ። ማነሪንግ ለመልሱ መለሰ። ሌስተር ለመልሱ መልስ መልስ ሰጠ። ክርክሩ የሚሽከረከረው በአንዲት የመሬት ስጦታ ሰነድ ላይ ነው፤ ኧርሉ መሬቱን ለልጁ «በነጻ የጋብቻ ስጦታ» ሰጥቷል፤ እንዲህ ያለ ስጦታ ለዲቃላ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? ሌስተር በ1678 እስኪሞት ድረስ ነገሩ አልበረደም። የሁለቱ መጻሕፍት በ1869 በሦስት ጥራዝ ተሰብስበው እንደገና ታትመዋል። ቁም ነገሩ ደግሞ የሌስተር እናት የማነሪንግ ቤት ልጅ መሆኗ ነው። ሰውዬው ያን ሁሉ ቀለም ያፈሰሰው የገዛ አያቱን ዲቃላ ለማሰኘት ነው። እኛ አገር ይህ በሽማግሌ በአንድ ከሰዓት ያልቅ ነበር፤ ሦስት ጥራዝ ግን አይተርፍም።

ይህን ሁሉ ስም የምንለቅምበትን የደብር መዝገብ ያመጣው ቶማስ ክሮምዌል ነው። የሄንሪ ስምንተኛ ሹም ሳለ በ1538 እያንዳንዱ ደብር ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘግብ አዘዘ። የአገሩን ሁሉ ስም በወረቀት ባሰረው በዚህ ሰው ቤት ግን የእህቱ ልጅ ሪቻርድ ዊልያምስ ስሙን ጥሎ ክሮምዌል ተባለ፤ በአጎት ስም መጠራት ያበላ ነበርና። አጎትየው በ1540 አንገቱ ሲቆረጥ የእህት ልጅ ስሙን አልመለሰም። በውል ሰነዶቻቸው ላይ ግን ቤተሰቡ «ክሮምዌል፣ በሌላ ስሙ ዊልያምስ» እየተባለ ብዙ ዘመን ቆየ። በ1649 ንጉሥ ቻርልስን ለሰይፍ ከሰጡት ሰዎች ዋነኛው ኦሊቨር የሪቻርድ የልጅ ልጅ ልጅ ነው። በአባት መስመር ቢቆጠር እንግሊዝን የገዛት አቶ ዊልያምስ ነው።

ስም ለርስት መቀየር ነውር አልነበረም። የደራሲዋ የጄን ኦስተን ወንድም ኤድዋርድ፣ ልጅ የሌላቸው ሀብታም ዘመዶች አሳድገው ርስታቸውን አውርሰውት፣ በ1812 ከነልጆቹ «ናይት» ተባለ። ጄን ለወዳጇ ስትጽፍ «ኬ» ፊደልን አሳምሬ መጻፍ ልለማመድ ነው ብላ ቀለደች። ያውም ያቺ «ኬ» አትነበብም፤ ለርስት ሲባል ድምፅ የሌላት ፊደል ተሸከሙ። ስማቸውን በሁለት ትንንሽ «ኤፍ» የሚጀምሩ ቤተሰቦችም አሉ። በጥንቱ እጅ ጽሑፍ ትልቁ «ኤፍ» ሁለት ትንንሽ «ኤፍ» ይመስል ነበር፤ ያንን ያዩ ልጆች የጨዋነት ምልክት መስሏቸው ይዘውት ቀሩ።

እትዬ ታዲያ ሰውን ከሰው የሚለዩት እንዴት ነው? ስሙን በጣታቸው ሸፍነው ያነባሉ። ሚስቱ ማን ናት? መሬቱ ከወንዙ በየት በኩል ነው? ከማን ጋር ተጣላ? በማን ኑዛዜ ላይ ምስክር ሆነ? ይህን ሲያደርጉ ሳያቸው አያቴን አስታወሱኝ። አያቴም ሰባት ቤት ስትቆጥር ስሙን ብቻ ሰምታ አታምንም ነበር፤ «የትኛው? ያ በበቅሎ ነገር ከወንድሙ የተካሰሰው?» ትል ነበር። የሰው ልጅ ስሙን ይለውጣል፣ ፊደሉን ይጥላል፤ ጠቡን ግን በደንብ ያስመዘግባል።

ባለፈው ወር ሁለት ኑዛዜ በፖስታ መጣላቸው። የሁለቱም ጆኖች ነው። እስኪመሽ አነበብን። ባለርስቱ ጆን ስሙ በአንድ ገጽ ውስጥ በሦስት ዓይነት ተጽፎ፣ ከታች ራሱ በአራተኛ ዓይነት ፈርሟል። መሬቱን ለሁለት ሴት ልጆቹ አካፍሏል። ወንድ ልጅ የለውም። እትዬ ምንም አላሉም፤ ሁለተኛውን ሳቡት። አጭር ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ የመዳብ ድስት፣ አንዲት ላም፤ በጎችም አሉ፣ የማን እንደሆኑ አልተገለጸም። ሁሉም ለወንድ ልጁ፤ ልጁም እትዬ አሥራ አንድ ዓመት ሲፈልጉት የኖሩት ያው ልጅ ነው። ከታች ፊርማ የለም። ጆን መጻፍ አያውቅም ነበርና እንደተከፈተ መቀስ ያለ ምልክት ጭሯል።

ሰዓቱ ሲቆጥር ይሰማል። ማጽናናት ፈልጌ ቃል አጣሁ።

«ልብ አድርግ» አሉ በመጨረሻ። «በዚህ ካርቶን ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ስሙን አሳስቶ ያልጻፈ እሱ ብቻ ነው።»

ዓይኔ ሳላስበው ወደ ጋሻው ሄደ። እሳቸውም አዩኝ። ተነሥተው ግድግዳው ድረስ ሄዱ፣ መነጽራቸውን አስተካክለው ሦስቱን ራሶች አንድ በአንድ መረመሩ።

«እስቲ ና» አሉኝ። «ቀረብ ብለህ ስታየው በግ አይመስልም?»